«ሃያ ግራም ፕሮቲን የሌለው ባር ከረሜላ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በሃይኪንግ ቡድኖች ዘንድ ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ ለእኔም ከአራት ወዳጆቼ ደርሶኛል። ጉዳዩ ለረጅም የእግር ጉዞ የሚሆን ኢነርጂ ባር፣ ማለትም ጉልበት እንዲሰጥ ተዘጋጅቶ ታሽጎ የሚሸጥ ቁራጭ ምግብ፣ እንዴት እንደሚመረጥ ነው። ከላኩልኝ ሰዎች አንዷ በመጪው ዐቢይ ጾም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰሜን ተራሮች ለአራት ቀን ጉዞ የምትዘጋጅ ወጣት ስትሆን፣ በጽሑፉ ምክር መሠረት አሜሪካ ያለች እኅቷ አንድ ካርቶን ባር እንድትልክላት ልትጠይቅ መሆኑን ነገረችኝ። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የእሷ ጥያቄ ነው። ጽሑፉ በቅን ልቡና የተጻፈ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ምክሩን እንዳለ የተቀበለ ተጓዥ ግን ዳገቱ መሃል ላይ ጉልበቱ ሊከዳው እንደሚችል ከልቤ እሰጋለሁ።

በመጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። የባር ጥራት የሚለካው በፕሮቲኑ ነው፤ ከ20 ግራም በታች ፕሮቲን ያለው ከረሜላ እንጂ ምግብ አይደለም ይላሉ። ስኳር ለተጓዥ መርዝ ስለሆነ «ከስኳር ነጻ» የተባለው እንዲመረጥ ያሳስባሉ። አንዱን ባር ከመነሣታችን በፊት፣ ሁለተኛውን ርሃብ ሲሰማን ብቻ እንድንበላና በየመሃሉ ከመቆርጠም እንድንቆጠብ ይመክራሉ። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ክብደታቸው የበዛ፣ ይዘታቸው ያልተለካ፣ ጊዜ ያለፈባቸው ስንቆች ናቸው ብለው ያምናሉ። በመጨረሻም «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ባር ከእህልና ከፍራፍሬ ብቻ ስለሚሠራ ጾመኛም ያለ ስጋት ሊበላው እንደሚችል ይናገራሉ።

ስለ ፕሮቲን የተባለው ሰፋ ያለ መልስ ያስፈልገዋል፤ የቀሩት ስሕተቶች አብዛኞቹ ከእሱ የሚመነጩ ይመስለኛልና። ሰው ሲራመድ ጡንቻው በዋናነት የሚያነደው ካርቦሃይድሬትና ስብ ነው። ከፕሮቲን የሚገኘው ኃይል እንደ ወትሮው ከሆነ ከጠቅላላው 5 በመቶ ገደማ ነው፤ የተከማቸው ካርቦሃይድሬት እየተሟጠጠ ሲሄድም ወደ 10 በመቶ ቢጠጋ ነው። ስብን በተመለከተ ቀጭን የሚባል ሰው እንኳ ለቀናት የሚበቃ ክምችት በሰውነቱ ይዞ ይዞራል። ካርቦሃይድሬት ግን በጡንቻና በጉበት ውስጥ ግላይኮጅን ሆኖ የሚቀመጠው 500 ግራም ያህል ሲሆን፣ ይህም በግምት 2,000 ኪሎ ካሎሪ ማለት ነው። ቀለል ያለ ሻንጣ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው እንደ ክብደቱና እንደ መንገዱ ሁኔታ በሰዓት ከ300 እስከ 500 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል። በሰሜን ተራሮች ካሉት ካምፖች ከሳንቃበር ተነሥቶ ወደ ግጭ ሲወጣ ውሎ ለሚያመሽ ሰው ቀድሞ የሚጎድልበት ካርቦሃይድሬቱ ስለሆነ፣ በኪሱ የያዘው ባርም በቅድሚያ ሊተካለት የሚገባው እሱን ነው።

አሁን ጸሐፊው የሚያወድሱትን ዓይነት ባር እንመልከት። ክብደቱ 60 ግራም ከሆነና 20 ግራሙ ፕሮቲን ከሆነ ሲሶው ለጉዞው ብዙም የማይነድ ነገር ነው። የቀረው ውስጥ ደግሞ ስብ፣ ፋይበር (ሆድ የማይፈጨው የእህልና የተክል አሰር) እና ስኳርን የሚተካ ማጣፈጫ ስለሚገባ፣ በፍጥነት ወደ ጉልበት የሚለወጠው ካርቦሃይድሬት ጥቂት ሆኖ ይቀራል። በዚህ ላይ ፕሮቲንና ፋይበር የበዛበት ምግብ ከጨጓራ የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። ቢሮ ተቀምጦ እስከ ምሳ ሰዓት ርሃቡን ማስታገስ ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥቅም ነው፤ ዳገት ለሚወጣ ሰው ግን ጉልበት ሳይሰጥ የሚከብድ ሆድ ነው።

ከፍታው ነገሩን ያጠናክረዋል። አንድ ሊትር ኦክስጅን ካርቦሃይድሬት ሲነድበት 5 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ ስብ ሲነድበት ግን 4.7 ገደማ ነው። ልዩነቱ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ላይታወቅ ይችላል። ግጭ ላይ፣ ከ3,500 ሜትር በላይ፣ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው ከሲሶ በላይ ያነሰ ነው፤ ከ4,400 ሜትር በላይ በሆነው በቧሂት ጫፍ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ኦክስጅን ባጠረበት ቦታ ያለችውን ትንሽ አየር በተሻለ የሚጠቀመው ነዳጅ ካርቦሃይድሬት ነው።

የዕቃው ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ፓወርባር የተባለውን የኢነርጂ ባር ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የመሠረተው ብራያን ማክስዌል ካናዳዊ የማራቶን ሯጭ ነበር። ሐሳቡ የመጣለት ከጥቂት ዓመታት በፊት እንግሊዝ አገር ሲሮጥ፣ ከ20ኛው ማይል አለፍ ብሎ ጉልበቱ ሙጥጥ ካለበት በኋላ ነው። ያወጣው ባር አብዛኛው ይዘቱ ካርቦሃይድሬት፣ ስቡ ደግሞ እጅግ ጥቂት ነበር። በጸሐፊው መለኪያ ከተሄደ ለረጅም ርቀት ስፖርተኛ ታስቦ የተሠራው ይህ ባር ራሱ ከረሜላ ሊባል ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያነሡትን አንድ ትክክለኛ ነገር መቀበል አለብኝ። ለተከታታይ ቀናት የሚጓዝ ሰው ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ በተለይ ቁልቁለት የጭኑን ጡንቻ ክፉኛ ስለሚጎዳው ሰውነት የሚጠግንበት ነገር ይሻል። ይህ ግን የማታ ሥራ ነው። ካምፕ ደርሶ ሽሮ ወይም ምስር ወጥ የሚያገኝ ሰው ፕሮቲኑን ከዚያ ያገኛል፤ ምግቡ ያነሰው እንደሆነም የፕሮቲን ባሩን ድንኳኑ ውስጥ ቢበላው መልካም ነው።

ስኳር መርዝ ነው የሚለውን በተመለከተ ጸሐፊው ከየት እንደተነሡ ይገባኛል። በከተማ ውሏችን ስኳር በዝቷል፤ ቀኑን ተቀምጦ ለሚውል ሰው ባር መብላት ብስኩት ከመብላት ብዙም አይለይም። የስኳር ሕመም ያለበት ተጓዥም ስንቁን ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ሊወስን እንደሚገባው አያከራክርም። ነገር ግን አንድ ምግብ ለተቀመጠ ሰው ስለማይበጅ ብቻ ለሚራመድም አይበጅም ማለት አይቻልም። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ከደም ውስጥ እየወሰደ ወዲያው ያነደዋል። ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጋይ በ1953 እ.ኤ.አ. ኤቨረስት ጫፍ ላይ ሲደርሱ ይዘውት ከነበረው ስንቅ አንዱ የኬንዳል ሚንት ኬክ ነበር፤ ይህ ደግሞ ስኳርና ግሉኮስ በናና ዘይት ተጣፍጦ የረጋ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ እሱን ብቻ ብሉ ለማለት አላነሣሁትም። ከባድ ሥራ ላይ ላለ ሰውነት ስኳር ነዳጅ መሆኑን ግን በሚገባ ያስረዳል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበኝ በስኳሩ ቦታ የሚገባው ነገር ነው። «ከስኳር ነጻ» የሚባሉ ብዙ ባሮች የሚጣፍጡት በማልቲቶል፣ በሶርቢቶልና እነሱን በመሳሰሉ የስኳር አልኮሎች ነው። እነዚህ በትንሹ አንጀት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ስለማይመጠጡ ወደ ታችኛው አንጀት አልፈው ውኃ ይስባሉ፤ እዚያም ባክቴሪያዎች ሲያብላሏቸው ጋዝ ይፈጥራሉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንዲህ ያለ ማጣፈጫ ከ10 በመቶ በላይ የተጨመረበት ምግብ፣ ሲበዛ ሊያስቀምጥ እንደሚችል በማሸጊያው ላይ የመጻፍ ግዴታ አለበት። ከቺኮሪ ሥር የሚወጣው ኢኑሊን የተባለው ፋይበርም ብዙ ሰው ላይ ተመሳሳይ መነፋት ያስከትላል። ከሦስት ዓመት በፊት ወንጪን ስንዞር አብሮን የነበረ ወዳጃችን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት እንዲህ ያሉ ባሮችን በልቶ ቀሪውን መንገድ የተጓዘው በየቁጥቋጦው ሥር እየቆመ ነበር። የወጣለት ፈሳሽ ከበላው ባር ጥቅም የበለጠ ጉልበት አሳጥቶታል፤ እኛም ከሐይቁ ዳር የወጣነው ሊመሽብን ሲል ነው።

ሦስተኛው ምክር፣ ማለትም አንዱን ከመነሣት በፊት፣ ሌላውን ሲርበን የሚለው፣ በስሌት ብቻ ይፈርሳል። ሁለት ባሮች ቢበዛ 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣሉ። ሰባት ሰዓት የሚራመድ ሰው የሚያወጣው ግን በዝቅተኛው ግምት እንኳ ከ2,000 ይበልጣል። በእርግጥ ያወጣውን ሁሉ እየተራመደ መተካት አይጠበቅበትም፤ ቁርስና እራት አሉ፣ የሰውነት ስብም አለ። ረጅም ሰዓት ለሚወዳደሩ ስፖርተኞች በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ካርቦሃይድሬት ይመከራል። ተራማጅ እንደ ሯጭ ስለማይጣደፍ የዚህ ዝቅተኛው ይበቃዋል፤ እሱም ቢሆን በየሰዓቱ ወደ አንድ ባር ወይም ሦስት አራት ቴምር የሚጠጋ ነው።

ርሃብን እንደ ደወል መጠበቅ ሌላ አደጋ አለው። ከፍታ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ተራራ ላይ ያደረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ሳይርበው ይደክማል፣ ይነጫነጫል፣ እግሩ ድንጋይ መምታት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ባር ቢሰጡት ማኘክ ራሱ ያስጠላዋል። በእኛ ቡድን የተለመደው በየሃምሳ ደቂቃው ለአፍታ ቆሞ ሁለት ጉርሻ መብላትና ውኃ መጠጣት ነው፤ ሰዓት የሚይዝ አንድ ሰው እንመድባለን። ጸሐፊው በሙሉ ሆድ ዳገት መውጣት ጥሩ አይደለም ያሉት እውነት ነው፤ በጥቂት በጥቂቱ የምንበላውም ስለዚሁ ነው።

ጸሐፊው ሳይነኩት ያለፉት ጨውም አለ። ቀኑን ሙሉ ያላበው ሰው ጣፋጭ ነገርና ንጹሕ ውኃ ብቻ ሲወስድ ከዋለ በደሙ ያለው ሶዲየም ሊቀንስ፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊከተል ይችላል። ከጣፋጩ ባር ጎን ጨው የነካው ለውዝ ወይም ቆሎ መያዝ ይህን ለመከላከል ይረዳል፤ ጣፋጭ በሰለቸ ጊዜም አፍን ያድሳል።

አሁን በሶና ቆሎ ላይ ወደተሰነዘረው ልምጣ። ከጽሑፉ ሁሉ ይበልጥ ያዘንኩበት ይህ ክፍል ነው። ያዘንኩትም ወግ ተነካ ብዬ ሳይሆን አባባሉ ከቁጥሩ ጋር ስለማይገጥም ነው። ይዘታቸው አልተለካም ተብሏል። ገብስ፣ ሽምብራ፣ ለውዝና ሰሊጥ በየትኛውም የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ ውስጥ ይገኛሉ። መቶ ግራም የገብስ ዱቄት 350 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ ከዚህም 75 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት፣ 10 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው። መቶ ግራም ለውዝ 570 ገደማ፣ መቶ ግራም ቴምር 280 ገደማ ነው። 230 ኪሎ ካሎሪ ያለው የ60 ግራም ባር በመቶ ግራም ሲሰላ ከ380 ትንሽ ከፍ ይላል። እንግዲህ ክብደቱ የቱ ጋ ነው? ደረቅ በሶ ከባሩ ጋር ይቀራረባል፤ የሚበጠበጥበት ውኃ ደግሞ የሚጨመረው እዚያው ነው። ሦስት እጅ በሶ በአንድ እጅ ንጥር ቅቤ የታሸ ጭኮ ሲሰላ በመቶ ግራም ወደ 490 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል፤ ለተሸከሙት ግራም ይህን ያህል ኃይል የሚመልስ ባር ብዙ አይደለም። ወደ ዝቋላና ወደ ግሸን በእግራቸው የሚጓዙ ምእመናን በሶና ቆሎ የሚቋጥሩት ሌላ ስላጡ ብቻ አይደለም፤ የማይበላሽ፣ ቀላልና አጥጋቢ ሆኖ ስላገኙት ነው።

ሆኖም ባሩ የሚበልጥባቸውን ነገሮች መደበቅ አልፈልግም። በሶ ለመበጥበጥ ንጹሕ ውኃና ዕቃ ያስፈልጋል፤ እጅ መታጠቢያ በሌለበት ማሸትም ለጤና አያመችም። ቆሎ እያለከለኩ የሚቆረጠም አይደለም፤ ተቀምጦ ለማረፍ ነው የሚሆነው። ለውዝ ሻጋታ ከነካው አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል የጠቆረውንና የተጨማደደውን ለቅሞ መጣል ግድ ነው። የታሸገ ባር በአንድ እጅ ተከፍቶ እየተራመዱ ይበላል፣ መጠኑ የታወቀ ነው፣ ለወራት ይቀመጣል። እኔም ሁልጊዜ ሁለት ባር ከቦርሳዬ አይጠፋም፤ ለቸኮለ ሰዓትና ለመጠባበቂያ።

በቤት የሚሠራውን ባር ጸሐፊው ቢሞክሩት ደስ ይለኛል። 200 ግራም በሶ፣ ፍሬው ወጥቶ የተወቀጠ 150 ግራም ቴምርና 100 ግራም የለውዝ ቅቤ በቁንጥጫ ጨውና በጥቂት ውኃ ይታሻል፤ ጠፍጥፌ አሥር ቦታ እቆርጠዋለሁ። እያንዳንዱ ቁራጭ 45 ግራም ገደማ ሆኖ 170 ኪሎ ካሎሪ፣ 28 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 5 ግራም ያህል ፕሮቲንና 5 ግራም ያህል ስብ ይኖረዋል። በሰዓት አንድ ቁራጭ ቀደም ብዬ ለተራማጅ ይበቃል ካልሁት መጠን ጋር ይቀራረባል። ውኃ ስለነካው ከሁለት ቀን በላይ አላቆየውም፤ ለረጅም ጉዞ በሶውን ደረቁን ይዤ ማታ ማታ አሸዋለሁ።

ስለ አየሩ ጠባይ ደግሞ ጽሑፉ ምንም አላለም። የካካዎ ቅቤ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ቸኮሌት የተቀባ ባር ይዞ ወደ ኤርታ አሌ መሄድ ወረቀት እንደ መላስ ነው። በሌላ በኩል ማለዳ ጨነቅ ካምፕ ላይ ውርጭ ያደረበት ተጣባቂ ባር ጥርስ ያነቃንቃል፤ ከመነሣት ግማሽ ሰዓት በፊት በውስጥ ኪስ ቢያዝ ይለሰልሳል። ለቆላ ያልተቀባ፣ ለደጋ የሚፈረፈር ዓይነት መምረጥ ከፕሮቲን ቁጥሩ ይልቅ በጉዞው ላይ የሚታይ ለውጥ ያመጣል።

«ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል በአጭሩ አልፈዋለሁ። ከአሜሪካ በሚመጡልን ባሮች ላይ ይህ ቃል በሕግ ጥብቅ ፍቺ የለውም፤ ፊት ለፊት የተጻፈው ማስታወቂያ ሲሆን እውነቱ ያለው ከጀርባ ነው። ከጀርባ ያለው ዝርዝር በክብደት ከብዙ ወደ ጥቂት የተደረደረ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ስሞች ባሩ ምን እንደሆነ ይናገራሉ። አጃ፣ ሩዝ ወይም ቴምር ቀድሞ ከተጻፈ ለመንገድ ይሆናል፤ የፕሮቲን ዱቄት ቀድሞ ከተጻፈ ለማታ ይቆይ።

ለጾመኛ ያለ ስጋት ይሆናል መባሉን ግን በዝምታ ማለፍ አልችልም። የፕሮቲን ባር በብዛት የሚሠራው ዌይ ወይም ካዜይን ከሚባሉት የወተት ፕሮቲኖች ነው። እነዚህን ስሞች የማያውቅ ሰው ዝርዝሩን በችኮላ ሲያይ ሊያመልጡት ይችላሉ። የወተት ቸኮሌት፣ የቅቤ ዘይትና ከእንስሳት የሚወጣ ጀላቲንም «ተፈጥሯዊ» በሚል ስም ሥር ይገባሉ። 20 ግራም ፕሮቲን ፈልጉ የሚለው የጸሐፊው የመጀመሪያ ምክርና ለጾመኛ ይሆናል የሚለው የመጨረሻው እርስ በርስ የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን የተከተለ ሰው ሳያውቅ ጾሙን ሊፈታ ይችላል። ጸሐፊው ቢያንስ ይህን አንድ ቦታ እንዲያርሙት በአክብሮት እለምናቸዋለሁ።

ያቺ ወጣት ለእኅቷ የምትልከውን መልእክት አብረን አርመነዋል። የጠየቀቻት ካርቶኑን ሙሉ ሳይሆን ከአጃ የተሠሩ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 40 ግራም ካርቦሃይድሬት ያላቸው፣ ቸኮሌት ያልተቀቡና ዌይም ካዜይንም የሌለባቸው ስምንት ባሮችን ነው፤ ለየቀኑ ሁለት ሁለት። በሶውን እናቷ ሊያዘጋጁላት ነው፤ ቴምርና የለውዝ ቅቤውን ከመርካቶ ትገዛለች። በጾሙ እስከ ስንት ሰዓት መቆየት እንዳለባት የንስሐ አባቷን ትጠይቃለች፤ የጉዞው መነሻ ሰዓትም በዚያው ይወሰናል።